የአያቴ ገብስማ ዶሮና የእንቁላሏ ጣዕም፤ ዶሮ እያረባችሁ ያደጋችሁ እስቲ ተጫወቱ

የእንጅባራ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ዛሬ ጠዋት ለልጄ የተቀቀለ እንቁላል ስልጥላት «አባዬ፣ እንቁላል የሚሠራው የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስድስት ዓመቷ ነው። ዶሮ የምታውቀው በበዓል ዋዜማ፣ ያውም እግሯ ታስሮ በር ሥር ተጋድማ ብቻ ነው። «ዶሮ ናት የምትጥለው» አልኳት። «መሬት ላይ?» አለች ደንግጣ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሥራዬን በቅጡ አልሠራሁም፤ ልቤ እንጅባራ፣ አያቴ ቤት ነበር።

አያቴ ብዙ ዶሮዎች ነበሯት። ቀይም፣ ወሰራም፣ አንገቷ መላጣ የሆነችም ነበረች። እኔ የማስታውሰው ግን አንዲቱን ገብስማ ነው። ከጎታው ጀርባ ጭድ የተጎዘጎዘበት አሮጌ እንቅብ ነበር። ገብስማዋ ረፋድ ላይ ወደዚያ ትገባና ድምጿ ይጠፋል። እኔ ደግሞ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ጥላ እያስካካች ስትወጣ ሮጬ እጄን እንቅቡ ውስጥ እሰዳለሁ። እንጅባራን የምታውቁ ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ብርድ ያቺ እንቁላል መዳፍ ላይ የምታሳርፈው ሙቀት ሌላ ነው። ቅርፊቷ መጀመሪያ ጥቂት ርጥበት አለው፤ ዓይናችሁ እያየ ይደርቃል። አንዳንዴ አንዲት ስስ ላባ ተለጥፋበት ትመጣለች። ጉንጬ ላይ አስደግፌ ወደ አያቴ ስወስዳት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «አንዱን ተውክላት?» ብላ ነው። እንቅቡ ባዶ ከሆነ ዶሮዋ ቦታ ትለውጣለች፤ ቁጥቋጦ ሥር መጣል ትጀምራለች። ስለዚህ አንድ እንቁላል ምንጊዜም ከእንቅቡ አይነሳም ነበር።

እንቁላሉ ግን የእኛ አልነበረም፤ የቅዳሜ ገበያ ነበር። ጨው፣ ጋዝ፣ የእኔ ደብተርና እርሳስ ሁሉ ከእንቁላል ነበር የሚወጡት። ለእኔ የሚደርሰኝ ስታመም ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ግን ሳልታመም ሰጠችኝ፤ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ልፈተን በተነሳሁበት ማለዳ። ጫፏን በመርፌ ወጋ አድርጋ፣ በርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ረመጥ ውስጥ ቀበረቻት። ስትበስል ልጣ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነካ አድርጋ አጎረሰችኝ። አስኳሏ እንደ አደይ አበባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ሆቴል ገባሁ፣ ስንት ዓይነት እንቁላል በላሁ፤ ያን ጣዕም አላገኘሁትም።

አሁን የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የተከራየሁት ቤት ትንሽ ግቢ አለው። ለልጄ ሁለት ቄብ ልገዛላት አስቤያለሁና የምታውቁ ምከሩኝ። ደግሞም ይህን ንገሩኝ፦ ያ ጣዕም የት ሄደ?

ጎመን በጤና፦

ረመጥ ውስጥ የበሰለ እንቁላል! ወንድሜ፣ ይህን በሌሊት ማንበብ አልነበረብኝም። የእኔ እናት በጎመን ቅጠል ጠቅልላ ነበር የምትቀብረው፤ ቅጠሉ ሲቃጠል የሚወጣው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

ስደተኛዋ፦

ጅዳ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ጠዋት ጠዋት ለቤቱ ልጆች እንቁላል በቲማቲም እሠራለሁ፤ እነሱ ሻክሹካ ይሉታል። ሽንኩርቱን አቁላልቼ ቲማቲሙን ስጨምር እጄ በራሱ ጊዜ ወደ እንቁላል ስልስ ይሄዳል። ቃሪያውን ከትፌ ልጨምር እልና ልጆቹ እንደማይችሉት ሲታወሰኝ ለራሴ ሳህን አስቀረዋለሁ። ዛሬ ይህን ጽሑፍ ያነበብኩት እንጀራ በሌለበት፣ በዳቦ እየበላሁ ነው።

የእኔ እናት የደብረ ታቦር ሰው ናት። ሁዳዴ ሲገባ ዶሮ ጾሙን አታውቅም፣ መጣሏን አታቆምም። ቤቱ ደግሞ አይበላም፤ ገበያውም ይቀዘቅዛል። እናቴ ያን ጊዜ ነበር የምታስታቅፈው። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ጆሮዋ ላይ ነቅነቅ እያደረገች የሚንቦጫቦጨውን ትለያለች። ቀሪውን በበሩ ስንጥቅ በምትገባው ጮራ ፊት ይዛ ታየዋለች። ሾጠጥ ያለው ወንድ ይሆናል፣ ድቡልቡሉ ሴት ይሆናል ትል ነበር። ቁጥሩም ጎዶሎ መሆን አለበት፤ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሦስት እንጂ አሥራ ሁለት አታደርግም።

ቀኑን በጣት አትቆጥርም። በማርያም አስታቅፋ በሚካኤል ትጠብቃለች። ቁጠሩት፤ ከወሩ 21 ተነስታችሁ የሚቀጥለው ወር 12 ስትደርሱ ልክ 21 ቀን ነው። ወራችን ሠላሳ ቀን ስለሆነ፣ ጳጉሜ መሃል ካልገባች በቀር፣ አንድ ቀን አይዛነፍም። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ይህን ስሌት ግን ከእናቷ ወርሳዋለች። በሚካኤል ዋዜማ ዶሮዋን በቀስታ ከፍ አድርጋ አንዱን እንቁላል ታወጣና «ነይ ስሚ» ትለኛለች። ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ከውስጥ ይጮሃል። ገና አልተሰነጠቀም እኮ! እኔ ትንፋሼን ውጬ እሰማለሁ፤ ዶሮዋ ደግሞ በተቆጣ ዓይን እጄን ታየኛለች።

እስከ አሥረኛ ክፍል የተማርኩት በዚያች ዶሮ ነው። ለልጅህ ግዛላት ወንድሜ፣ አታመንታ።

የእንስሳት ሐኪም፦

እህቴ፣ የእናትሽ ስሌት ልብ የሚነካ ነው። በነቅናቄና በብርሃን መለየታቸውም ትክክል ነው፤ እንቁላል ሲሰነብት ውስጡ ያለው የአየር ክፍተት ስለሚሰፋ ይንቦጫቦጫል። በቅርጹ ወንድና ሴት መለየት ግን አይቻልም። ጾታው የሚወሰነው ገና ቅርፊቱ ሳይሠራ ነው፤ ሾጣጣው ቅርፊት የእናቲቱ ማሕፀን ሥራ ነው።

ለጠያቂው ወንድሜ። የአስኳሉ ቀለም ከምግቧ ይመጣል። ሣርና ቅጠል የምትለቅም፣ ቢጫ በቆሎ የምታገኝ ዶሮ አስኳሏ ይደምቃል። የአያትህ ገብስማ ጓሮ ለጓሮ ትል፣ አንበጣ፣ የጎመን ቅጠል ስትለቅም ትውል ስለነበር ነው እንደ አደይ የሆነው። የቅርፊቱ ቀለም ግን የዝርያ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ቡናማው ከነጩ አይበልጥም። ገበያ ላይ በዚህ የሚከራከሩ ሰዎች ሳይ ይገርመኛል።

ረፋድ ላይ ትጥል እንደነበር ጽፈሃል። ልብ ብለህ ከሆነ በየቀኑ ሰዓቷ ወደ ፊት ይገፋ ነበር። አንድ እንቁላል ተሠርቶ ለመውጣት ከ24 ሰዓት ጥቂት ይበልጣል፤ ስለዚህ ዛሬ በሦስት ሰዓት የጣለች ነገ በአራት ሰዓት ገደማ ትጥላለች። እየገፋ እየገፋ ከሰዓት በኋላ ሲደርስ አንድ ቀን ዘልላ እንደገና በጠዋት ትጀምራለች። ብዙ ሰው ያን ቀን ዶሮዬ ታመመች ብሎ ይመጣል።

ቄቦቹን ስትገዛ አደራ የምልህ አንድ ነገር ነው፤ ፈንግል። ለዚህ በሽታ መድኃኒት የለውም፣ ክትባት ግን አለው። ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታል። በዓይን ጠብታ የሚሰጠው ዓይነት ለጓሮ ዶሮ ይመቻል፤ በየሦስት አራት ወሩ መደገም አለበት። አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ስለሆነ ጎረቤቶችህን አስተባብር። ከገበያ ያመጣሃትን ዶሮ ቀድሞ ከነበረችው ጋር ቢያንስ ሁለት ሳምንት አታቀላቅል።

ሌላው፣ የበላችሁትን የእንቁላል ቅርፊት አትጣሉ። ምጣድ ላይ አመስ አድርጋችሁ፣ አድቅቃችሁ ስጧት። ሳይደቅ ከሰጣችኋት የራሷን እንቁላል መብላት ትለምዳለች።

ባለ ሁለት መቶዋ፦

ወንድሜ፣ የአያትህን ነገር ሳነብ እንባ አቅርሬያለሁ። ከዚያ ግን ከፋኝ፤ የከፋኝንም ልጻፈው።

ቢሾፍቱ ላይ ቦቫንስ ብራውን የሚባሉ 200 የፈረንጅ ዶሮዎች አረባለሁ። «የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ጣዕም የለውም» ሲባል ስሰማ ዓመታት አለፉ። አያትህ እንቁላሉን ለታመመ ብቻ የሰጡት ለምን ይመስልሃል? የአበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው። አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ትጥልና ትታቀፋለች፤ ከዚያ ሁለት ወር ጫጩት ስታሳድግ ትከርማለች። የእኔዎቹ በደህና አያያዝ ወደ 300 ይጠጋሉ። በእኛ ሰፈር ዛሬ የቀን ሠራተኛ ልጅ ትምህርት ቤት የተቀቀለ እንቁላል ይዞ ይሄዳል። በእኔ ልጅነት ይህ የሚታሰብ አልነበረም። ሀብታም ስለሆንን አይደለም፤ እነዚህ ዶሮዎች ስለመጡ ነው።

ድካሙንም እወቁልኝ። ጫጩቶቹ ሲመጡ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም፤ ከበረዳቸው ይደራረባሉ፣ ከሥር ያለው ይታፈናል። እጄን ከማሞቂያው ሥር እያስገባሁ ሙቀቱን እለካ ነበር። የመኖው ዋጋ የሚወርድበትን ቀን እስካሁን አላየሁም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት ዶሮዋ ትበላለች፣ ትጥላለች፣ ገዢ የለም። ሠላሳ ሠላሳ የሚይዘው ትሪ ግድግዳውን ተደግፎ እስከ ጣሪያ ይደረደራል፤ ለኬክ ቤት በማይረባ ዋጋ እሰጣለሁ። የትንሣኤ ሰሞን ደግሞ ሰው ሁሉ ስልክ ይደውላል፣ ከየት አመጣዋለሁ? በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ በየግቢው የዶሮ ቤት በዝቷል፤ ደስ ይለኛል። ጾሙን እንዴት እንደሚያልፉት ቀድሞ የሚነግራቸው ሰው ግን ያስፈልጋል።

ገብስማዋን አልነቅፍም። ነገር ግን ልጅህ በየጠዋቱ እንቁላል እንድትበላ ከፈለግህ ሁለት የአበሻ ቄብ አይበቁህም።

የእንጅባራ ልጅ፦

እህቴ፣ እውነትሽን ነው። አንቺን ማስከፋት አልፈለግሁም።

የጻፍሽውን ካነበብኩ በኋላ አንድ ነገር ታየኝ። ያን ማለዳ አያቴ ስታጎርሰኝ እሷ አልቀመሰችውም። ጨውና ሚጥሚጣ የነካውን ጣቷን ነበር የላሰችው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጣዕሙን ሳስታውስ ይህን አላስተዋልኩትም ነበር።

ከሜሪላንድ፦

እኔም ልግባ። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ነው ወደ አሜሪካ የመጣሁት። ሦስት ዶሮዎች ጓሮ ውስጥ አሉኝ። በምኖርበት አካባቢ ሴት ዶሮ ይፈቀዳል፣ አውራ ዶሮ ግን ስለሚጮህ አይፈቀድም። መጀመሪያ ያመጣሁ ጊዜ አባቴ ሊጠይቁን መጥተው ነበርና በማለዳ ተነስተው ጓሮውን ሲያዩ «ያለ አውራ ዶሮ ሌሊቱ እንዴት ይነጋል?» አሉኝ። ለእሳቸው የመጀመሪያው የዶሮ ጩኸት ለኪዳን የሚነሱበት ሰዓት ነው።

የሱቁ እንቁላል እዚህ ታጥቦ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚሸጠው። ዶሮዎቹን የያዝኩት ለልጆቼ ብዬ ነበር፤ በፈረንጆቹ 2025 የወፍ ጉንፋኑ ጊዜ ግን የደርዘኑ ዋጋ ከስድስት ዶላር ሲያልፍ ለጎረቤት ሁሉ ተረፍኩ። ክረምት ላይ ቀኑ ሲያጥር መጣል ያቆማሉ። አገር ቤት ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ስለሆነ ይህን አናውቀውም፤ መጀመሪያ ጊዜ ታመሙብኝ ብዬ ተጨንቄያለሁ።

ስለ ዶሮ ወጥ እንቁላል አንድ ነገር ላካፍላችሁ። ለፋሲካ ከጓሮዬ ትኩስ ትኩሱን ሰብስቤ አሥራ ሁለቱን ቀቀልኩ። ስልጥ ነጩ ከቅርፊቱ ጋር እየተቦጨቀ ሁሉም ጎድጓዳ ሆነ። አሥራ ሁለት ብልት አሳምሬ፣ ሽንኩርቱን ግማሽ ቀን አቁላልቼ፣ እንቁላሉ እንዲያ ሲሆን አልቅሻለሁ ብላችሁ አትገረሙ። አማቴ ዘንድ ደወልኩ። «የዛሬ ሳምንት የጣለችውን ነው እንጂ የዛሬውን ማን ቀቅይ አለሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሳምንት የሰነበተ እንቁላል ልጡ እንደ ልብስ ይወልቃል። ከዚያ ወዲህ ለበዓል የሚሆነውን በእርሳስ ቀን እየጻፍኩበት ነው የማስቀምጠው። ሲላጥ ደግሞ ወጡ እንዲገባበት በቢላ ጫፍ ሰንጠቅ፣ ሰንጠቅ።

በጾም የሚጠራቀመውን ለፊት ለፊት ጎረቤቴ እሰጣለሁ። አሮጊት ናቸው። ትሪውን ሲመልሱ ሁልጊዜ የጓሯቸውን ቲማቲም ሞልተው ነው።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጆች፣ የሐኪሙን ምክር በቀላል አትዩት። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ፈንግል እኛ መንደር ገባ። ሰኞ ዕለት አንዲቱ ዶሮ ላባዋን ነፍታ ጥግ ላይ ቆመች። ማክሰኞ አረንጓዴ አስቀመጣት። ረቡዕ የአንዷ አንገት ወደ ኋላ ተጠመዘዘ፤ ቀና ልታደርገው ትሞክራለች፣ እንደገና ይዞራል። በሳምንቱ መጨረሻ ከአሥራ ዘጠኝ ዶሮ አንዲት ቄብ ቀረችን። ሸለምጥማጥ ሌሊት ቢመጣ አንዷን ነው የሚወስደው፤ ጭልፊትም እንዲሁ። ይህ ግን ቆጡን ባዶ አደረገው። እናቴ ማለዳ ተነስታ በልማድ ጥሬ ልትበትን እፍኟን ሞልታ ወጣች፤ በር ላይ ቆማ ቆይታ ወደ ጎታው መለሰችው።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በሽታው ገብቷል ሲባል ያልታመመችውን ሳትሞት ብለን ገበያ ወሰድናት። ሁሉም ሰው እንደዚያ አደረገ። ከእኛ ገበያ የገዙ ሰዎች በሽታውን ወደየመንደራቸው ይዘውት ሄዱ። አባቴ ይህን የሚያስቡ ሰው ስላልነበሩ ሳይሆን ሌላ መንገድ ስላልነበረ ነው። አሁን መንገድ አለ። አስከትቡ።

ባለ ሁለት መቶዋ፦

አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እፍኟን ወደ ጎታው መለሰችው ያሉት ከልቤ አልወጣም። ለሰፈሬ አርቢዎች የክትባት ቀን ስናወጣ ይህን አነብላቸዋለሁ፣ ከፈቀዱልኝ።

ጡረተኛው መምህር፦

ፈቅጃለሁ ልጄ። እናቴም ደስ ይላታል።

የእንጅባራ ልጅ፦

ከአራት ወር በኋላ ተመልሼ መጣሁ።

ሁለት ቄብ ገዛሁ፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ገብስማ። ገብስማዋን ለማግኘት ሦስት ገበያ ዞሬያለሁ። ከአምስት ጎረቤት ጋር ሆነን አስከተብን፤ አንደኛው ጎረቤቴ ግቢውን ሞልቶ ዶሮ እንዳለው ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ልጄ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ውኃቸውን ትለውጣለች፤ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ወደ እነሱ ነው። ሁለት ጊዜ ወጥ ቤት ገብተው እህል ሲበትኑ እናቷ «እሽ!» ብላ ስታባርር ልጄ አልቅሳለች።

ገብስማዋ ከትናንት በስቲያ ጀመረች። ልጄ ጭዱ ላይ ስታያት ከመጮህ ይልቅ ዝም አለች። ቁጢጥ ብላ በሁለት እጇ አነሳቻት። ትንሽ ናት፤ የቄብ እንቁላል እንደምታውቁት ነው፣ ቅርፊቷ ላይ ቀጭን የደም ጭረት ነበረባት። «ሞቃለች» አለችኝ ቀና ብላ። ምንም መልስ አልሰጠኋትም። ረመጥ የለንም፤ በከሰል ምድጃ አመድ ውስጥ ሞከርኩ፣ ጫፏን ወግቼ፣ በርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ። ለሦስት ተካፈልናት። ልጄ ጨው እንጂ ሚጥሚጣ አልፈለገችም።

አሁን ደግሞ ጫጩት ካላየሁ ብላለች። አውራ ዶሮ ስለሌለኝ የእኔዎቹ እንቁላል አይፈለፈልም። ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ለማስታቀፍ የሚሆን እንቁላል የት ላግኝ? የጎረቤቴ ቀይ ዶሮ ለመታቀፍ ተዘጋጅታለች፤ ጫጩቶቹን እኩል እንድንካፈል ተስማምተናል።

ጎመን በጤና፦

እኔ ባሕር ዳር ነኝ እኮ! ቀበሌ 14 ነው ቤቴ። ቀይ አውራ ዶሮና አራት ሴቶች አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት ልጅህን ይዘሃት ና። አሥራ አንድ እንቁላል አጠራቅምላችኋለሁ፣ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጌ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ።

ስደተኛዋ፦

ማርያም ማክሰኞ ናት። እስከ ማክሰኞ ይቆይላችሁ፤ ያን ቀን አስታቅፉ።